ለልብ ማዕከሉ ሰዎች ምስጋና አለብኝ

ወገኖቼ፣ ይህን ምስጋና ይዤው መቀመጥ ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

የወንድሜ ልጅ 12 ዓመቷ ነው። ከሰሜን ወሎ፣ ከዋድላ ነው የመጣችው። ደረጃ መውጣት አቅቷት የነበረች ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት በእግሯ ትሄዳለች። ያከሟት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ሕሙማን ሕጻናት ማዕከል ሰዎች ናቸው። ለኦፕራሲዮኑ አምስት ሳንቲም አልከፈልንም። የከፈለልን ስሙን የማናውቀው ሰው ነው። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ በፊት ያየነውን ግን ለጠላትም አልመኝ። መጀመሪያ ቶንሲል ነው ተባለ። እንጥሏን አስቆረጧት። ጉልበቷ ሲያብጥ ብርድ መትቷት ነው ተባለ። ትንፋሽ ሲያጥራት ወንድሜ ይዟት አዲስ አበባ እኔ ጋ መጣ። የገባንበት የግል ክሊኒክ ካርድ አስወጣን፣ ደም ወሰደ፣ ነገ ኑ አለ፣ እንደገና ደም ወሰደ። ልጅቷ ምን ሆነች ብለን ስንጠይቅ ቀና ብሎ የሚያየን የለም። በመጨረሻ «ውጭ አገር ውሰዷት» ብለው የአንድ ሰው ስልክ ሰጡን። ሰውየው ሕንድ እልካለሁ ባይ ነው። የጉዳይ ማስፈጸሚያ ቅድሚያ ክፈሉ አለን። ወንድሜ በሬ ሸጦ ያመጣውን ሰጠው። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም። ፎቶዋን መኪና ላይ ለጥፋችሁ በድምፅ ማጉያ ለምኑ ብሎ የመከረንም አለ። ከሚገኘው ላይ ግማሹን እሱ ሊወስድ! ሕፃን ልጅ ላይ!

አንዲት የጤና ጣቢያ ሐኪም ናት ልቧን አዳምጣ ሪፈር የጻፈችልን። እሷንም ፈጣሪ ያክብርልኝ።

ማዕከሉ ጋ ወረፋ አለ፣ አልዋሻችሁም። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ተመዝግበው ይጠብቃሉ። ሲያስረዱኝ የገባኝ ይህቺ ብቻ ናት፦ ለአንድ ልጅ የሚውለው ቱቦ፣ ክር፣ ቫልቭ የሚሉት ነገር በአብዛኛው ከውጭ በዶላር ነው የሚመጣው። አንዴ ለአንድ ልጅ ከዋለ ለሌላ አይሆንም። ሐኪሙ ቢኖር፣ አልጋው ቢኖር፣ ይህ ዕቃ ካለቀ ልጁ ይጠብቃል። እናንተ የምትሰጡት ብር የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የቀረውን የሕክምና ነገር አልጠየቅኩም፣ ቢነግሩኝም አይገባኝም።

ነገሩን የጀመሩት ዶክተር በላይ አበጋዝ ናቸው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ። ያኔ እዚህ አገር የልጅ ልብ የሚከፈትበት ቦታ ስላልነበረ ልጆቹን ውጭ አገር እየላኩ ነበር የሚያሳክሙት። «አንድ ብር ለአንድ ልብ» ሲባል የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። እንዲህ እየተለመነ ነው በ2001 ዓ.ም. ማዕከሉ የተከፈተው። እንግሊዝ አገር ያለው ቼይን ኦፍ ሆፕ የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅትም እጁ አለበት። እሱን የመሠረቱት የልብ ሐኪም ሰር መግዲ ያዕቆብ የግብፅ ተወላጅ ናቸው። በዓባይ ስንጨቃጨቅ ይህቺንም እናስታውስ።

አሁን ማዕከሉ ውስጥ ልጃችንን ወደ ተንከባከበችው ነርስ፣ ወደ ሲስተሯ ልምጣ። ስሟን አልጽፍም፣ ሳላስፈቅዳት።

ወንድሜ ማንበብ አይችልም። ልጅቷ ልትወጣ ስትል መድኃኒቱ ከረጢት ሙሉ ሆነ። ደም የሚያቀጥን አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። እኔ ስሰማ ራሴ ዞረብኝ። ሲስተሯ ግን አልቸኮለችም። አጠገቡ ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ አሁን እርስዎ ነርስ ነዎት፣ እኔ ልጅቷ ነኝ። ጠዋት ነው፤ ምን ይሰጡኛል?» አለችው። ወንድሜ አፈረ፣ ሳቀ፣ ከዚያ አንዱን አነሳ። «እሱ የማታ ነው፣ ገደሉኝ እኮ!» አለችው። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። በየፓኬቱ ላይ በእስክሪፕቶ ጭረት አደረገችለት፤ ለጠዋት አንድ፣ ለማታ ሁለት። ሳይሳሳት እስኪጨርስ አልለቀቀችውም። በየወሩ የምትወጋውን ፔኒሲሊንም ቀኑን ከበዓል ጋር አያይዛ አስያዘችው፣ በሚካኤል ማግስት ብላ። ገጠር ያለን ሰው እንዲህ የሚያውቀው ስንቱ ነው? ክሊኒኩ ውስጥ ቀና ብሎ ያላየው ሰው ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ።

ወንድሜ የተረፈችውን ብር አውጥቶ ሊሰጣት ሲል እጁን መልሳ አጠፈችው። «ይህ የመመለሻ ትራንስፖርት ነው» አለችው።

እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ የምትሰጡ ከሆነ ለዚህ ማዕከል ስጡ። ብር የሌለው ደም ይስጥ። ለኛ ልጅ ደም የሰጡት የመሥሪያ ቤቴ ልጆች ናቸው፣ ሦስቱን በስም አላውቃቸውም ነበር። ሌላው ቢቀር ግቢው ውስጥ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ጋቢውን ለብሶ ለሚጠብቅ አባት ምሳ ይዛችሁ ሂዱ። የቤት ኪራዩና ምግቡ ነው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሰውን የሚመልሰው። ውጭ አገር ያላችሁም፣ ለልደትና ለሠርግ ከምታወጡት ላይ ትንሽ ቀንሱ።

ልጅ ጉሮሮዬን ካለ ደግሞ እንጥል ቆራጭ ጋ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የኛ ጉድ የመጣው ከዚያ ነው፤ በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው ልቧ ድረስ የደረሰው።

ሲስተርዬ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ወንድሜ ትናንት ደውሎ ነበር። መርፌው አላለፈውም። ቅቤ ልኬላታለሁ ይልሻል፣ እምቢ እንዳትዪው።