ለአፋር ጉዞ መኪና የምትከራዩ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ልጆቻችሁንና ከውጭ የመጡ ዘመዶቻችሁን ይዛችሁ ኤርታሌን ወይም ዳሎልን ለማየት የምታስቡ ካላችሁ ይህ ለናንተ ነው። «የአፋር የቤተሰብ ፓኬጅ፤ ሃርድቶፕ ከነሹፌሩ፣ ነዳጅ፣ ውሃ፣ ምግብ፣ ፈቃድ፣ ሁሉም ተካቷል» የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ በዝቷል። እኛ የተከራየነው ከነዚህ ከአንዱ ነው። ስሙን አልጠራም። ነገ በሌላ ስም ቢመጣ እንድትለዩት አሠራሩን ብነግራችሁ ይሻላል።

ጭቅጭቁ የሚነሳው እምቢ ማለት በማትችሉበት ቦታ ነው። አዳማን፣ መተሃራን፣ አዋሽ ሰባትን እስክታልፉ ኮሽ አይልም። እስከዚያ ድረስ ሆቴልም ሌላ መኪናም ስላለ ካልተስማማችሁ ወርዳችሁ ትመለሳላችሁ። ገዋኔና ሚሌ ወደኋላ ከቀሩ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሎጊያ ስንደርስ ሹፌሩ «ነዳጁ የታሰበው እስከ ሰመራ ብቻ ነው» አለን። ማደያው ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ እሱ ግን በጄሪካን የሚሸጥ ሰው ያውቃል፣ ዋጋውንም አስቀድሞ ያውቃል። አፍዴራ ላይ ደግሞ የአካባቢው አስጎብኚና የታጣቂ አጃቢ ክፍያ «ውስጥ የለም» ተባለ። ክፍያው ራሱ ትክክል ነው፤ በአገሩ ሰው ሳይመሩ እዚያ መግባት አይቻልም፣ አይገባምም። ሰዎቹን አልወቅስም። እኛ ግን ይህንኑ አዲስ አበባ ላይ ከፍለናል።

ከሁሉ የከፋው ወደ ኤርታሌ የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ የመጣው ነው። «ይቺ መኪና የእሳተ ገሞራውን ድንጋይ አትችለውም፤ እዚህ ሌላ ሃርድቶፕ ተከራዩ» ተባልን። የተዋዋልነው እኮ ሃርድቶፕ ነበር! ፎቶው ላይ ያየነው እሱን ነው፤ በጉዞው ጠዋት በራችን ላይ የቆመው ግን ያረጀ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ሆነ። «ያኛው ጋራዥ ገብቶ ነው፣ ይቺም አንድ ናት» አሉ። እናቴ ሹፌሩን «ልጄ፣ አንተስ ይህን ከመጀመሪያው አታውቅም?» ብትለው «እማማ፣ እኔ በቀን ሂሳብ የተቀጠርኩ ነኝ፣ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው» አላት። አመንኩት። ተንኮሉ የተሸረበው ከስልኩ በስተጀርባ ባለው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ኔትወርክ በሌለበት አይገኝም።

ስለ ጎማ ትንሽ ልዘግይ፣ ምክንያቱም ገንዘብ ይመለሳል፤ ሕይወት ግን አይመለስም። ከሰርዶ ወደ አፍዴራ በሚወስደው መንገድ ላይ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ስኮርታው ሊሾ የሆነና አየር የሌለው ነበር፣ ክሪኩም አይደርስም። ከአፍዴራ ጨው ጭኖ ይመጣ የነበረ የከባድ መኪና ሹፌር ባይቆምልን ልጆቹ ጸሐይ ላይ ይውሉ ነበር። «ተካቷል» የተባለው ውሃ አንድ ካርቶን የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነበር፤ እንደዚያ ባለ ሙቀት ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር እንኳ የቅንጦት አይደለም። ዳሎል ከባህር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ በ1950ዎቹ የተለካው የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር፣ ሌሊቱና «ቀዝቃዛ» የሚባለው ወራት ጭምር ተደምሮ ማለት ነው። አየሩ ያነሰ፣ ጭነት የበዛበት ጎማ እዚያ በፍጥነት ሲነዳ ከውስጥ ይግልና ይተረተራል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ የጎማውን ጎን እዩ። የምርት ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አሃዞች 2316 ከሆኑ በፈረንጆቹ 2016፣ በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ደርቋል። ስኮርታውን አውርዱትና ንፉት፤ ሁለት ከሌለ አትሂዱ። አሸዋ ላይ ለመንዳት የጎማ አየር ይቀነሳል፤ መልሶ የሚነፋበት ከሌለው ሹፌሩ ለአገሩ እንግዳ ነው። ሁለተኛ መኪና አብሮ መሄድ አለበት፤ በደንብ የሚሠሩት ድርጅቶች ለብቻ አይገቡም። ዋጋቸው ከፍ የሚለውም ለዚህ ነው፣ እኔ አሁን ውድ አልላቸውም።

ታርጋውንም እዩ። የኛ ኮድ 2 ነበር፣ የግል መኪና ማለት ነው። የግል ተብሎ ኢንሹራንስ የተገባለት መኪና በኪራይ ሲሠራ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል። ኮድ 3፣ ማለትም የንግድ መኪና መሆኑን፣ ሊብሬውንና ቦሎውን አሳዩን በሉ፤ የሚቆጣ ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ላቫም በዋስትና ይሸጣሉ። ፎቶው የሚያምር ቀይ የላቫ ሐይቅ ነው፣ ግን የድሮ ነው። ኤርታሌ በጥር 2009 ጎኑን ቀድዶ ከፈሰሰ ወዲህ ሐይቁ እንደ ድሮው አይደለም፤ በሐምሌ 2017 እንደገና ፈነዳ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ደግሞ በዚያው አካባቢ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባህርን ተሻግሮ ህንድ ድረስ ሄዷል። እሳተ ገሞራ ቀጠሮ አያከብርም። በምትሄዱበት ሳምንት መንገዱ ክፍት መሆኑን ሰመራ ደውላችሁ ጠይቁ እንጂ ሻጩን አትጠይቁ። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ የድኝ ጭሱን አስቡት፤ ከአፋፉ የምትመለሱት ወዲያው ነው።

ገንዘቡን የላክነው በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ነበር፣ ደረሰኝም አልተሰጠንም። በአዋጅ 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ስላለው ለንግድ ቢሮ አመልክተናል፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ማመልከቻው ላይ ያያያዝነው የባንክ ዝውውሩን፣ የቴሌግራም ንግግሩንና እህቴ ቨርጂኒያ ሆና ለመምረጥ ስትል ያስቀረችውን የማስታወቂያውን ስክሪንሾት ነው። እናንተም ቀብድ ሳትልኩ ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርጉ። የኛ አዲስ አበባ በገባን ማግስት ተሰርዟል።