ፕሪሚየም አካውንት፦ በነጻ ከሚወርደው፣ ከቴሌግራም ከሚገዛውና ከቤተሰብ ፓኬጅ የቱ ይሻላል?

አገራችን ውስጥ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ እንደልብ ስለማይገኝ፣ ኔትፍሊክስም ቻትጂፒቲም ከቴሌግራም ቻናል በቴሌብር ይገዛል። ያንን ለመክፈል የማይፈልግ ደግሞ የአካውንቶች ስምና የይለፍ ቃል አለበት ተብሎ በነጻ የተለቀቀ ፋይል ያወርዳል።

ከሁሉ የከፋው ይህ በነጻ የሚወርደው ነው። የአካውንቶቹ ዝርዝር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በተቆለፈ ዚፕ ውስጥ ነው፤ የሚቆለፈውም አንቲቫይረስ ውስጡን እንዳያይ ነው። ዊንዶውስ ካልቀየራችሁት በቀር የፋይሉን ስም መጨረሻ (.txt ወይም .exe የሚለውን) ስለሚደብቅ፣ የጽሑፍ ፋይል የመሰላችሁ ነገር ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ሬድላይንና ሉማን የመሰሉ ቫይረሶች ብራውዘራችሁ ያስቀመጣቸውን የይለፍ ቃሎችና ኩኪዎች ጠራርገው ይወስዳሉ። ድረ ገጽ አንዴ የገባን ሰው የሚያስታውሰው በኩኪ ነው፤ ኩኪያችሁን የወሰደ ሰው የይለፍ ቃልም ሆነ በስልክ የሚላክ ኮድ ሳይጠየቅ ኢሜይላችሁ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2025 የሉማን መረብ ሲበጥስ፣ በሁለት ወር ውስጥ ብቻ በሉማ የተበከሉ ከ394,000 በላይ ኮምፒውተሮች አግኝቷል።

የይለፍ ቃል ትተው ኩኪ ብቻ የሚያጋሩም አሉ። እሱን ለማስገባት ብራውዘር ላይ ኤክስቴንሽን (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ጫኑ ይሏችኋል። የሁሉንም ድረ ገጽ መረጃ እንዲያነብ የተፈቀደለት ኤክስቴንሽን ግን የኔትፍሊክሱን አይቶ አይቆምም። እባካችሁ ይህን በፍጹም አታድርጉ።

ከቴሌግራም የሚገዛው የሚወርድ ፋይል ከሌለው ለኮምፒውተራችሁ የተሻለ ነው። አካውንቱ ግን የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። የፊልም አገልግሎቱ ዲዝኒ ፕላስ እ.ኤ.አ. በ2019 በተከፈተ በቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የደንበኞች አካውንቶች ለሽያጭ ቀርበው ነበር። ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን የቀየረ ዕለት ገንዘባችሁ ቀረ ማለት ነው፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ ሰው ሲስተም ውስጥ መግባትን ይከለክላል። የጋራ ቻትጂፒቲ ላይ የጻፋችሁትን የሥራ ማመልከቻ ወይም የጤና ጥያቄ አብረዋችሁ የሚጠቀሙ ሁሉ ያነቡታል። ሻጩ የእናንተኑ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ወሬውን እዚያው አቁሙ።

የስፖቲፋይ የቤተሰብ ፓኬጅ እስከ 6 ሰው ይይዛል፤ እያንዳንዱ የራሱ አካውንት ስላለው የይለፍ ቃል መለዋወጥ የለም። ደንቡ በአንድ አድራሻ የሚኖሩትን ብቻ ስለሚፈቅድ ዋሽንግተን ያለ ወንድም አዲስ አበባ ያለችውን እህቱን ማስገባት አይችልም። ቤት ውስጥ የሚከፍል ሰው ካለ ምርጫዬ ይህ ነው። ከሌለ የስፖቲፋይ፣ የካንቫና የቻትጂፒቲ ነጻ አገልግሎት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

የወረደ ፋይል ከፍታችሁ ከነበረ በዚያው ኮምፒውተር የይለፍ ቃል አትቀይሩ፤ ቫይረሱ አዲሱንም ይወስደዋል። በሌላ ንጹህ ስልክ መጀመሪያ ኢሜይላችሁን፣ ቀጥሎ ቴሌግራማችሁን ከሁሉም መሣሪያ አስወጡ፤ የይለፍ ቃሎቻችሁን ቀይሩ፤ ከዚያ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስጭኑ።