ትራይፊልድ ቲኤፍ2 በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ፦ ምን ይለካል፣ ምንስ ያመልጠዋል?

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የተነሣ ሰው ከባትሪው ዕድሜ ቀጥሎ የሚያነሣው ጥያቄ «ጨረሩስ?» የሚል ሆኗል። ትራይፊልድ ቲኤፍ2 የተባለው የእጅ መለኪያ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በከፊል ነው።

መሣሪያው ሰው «ጨረር» የሚለውን፣ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሁሉ ዙሪያ የሚፈጠረውን መግነጢሳዊ መስክ በሦስቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ስለሚለካ ወዲያና ወዲህ ማገላበጥ አያስፈልግም። ንባቡ በሚሊጋውስ ነው፤ 10 ሚሊጋውስ 1 ማይክሮ ቴስላ ይሆናል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ፣ ሌላ ሰው እየነዳ፣ እግሬ ሥር ሳስቀምጠው ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ንባቡ ይዘላል፤ ቁልቁለቱ ላይም ሞተሩ ኃይል ወደ ባትሪው ሲመልስ እንደገና ከፍ ይላል። ራስ መደገፊያው ዘንድ ግን ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ መስኩ ከምንጩ በራቀ መጠን ቶሎ ይዳከማልና። የጀርመን ፌዴራል የጨረር መከላከያ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ ባደረገው ጥናትም ከፍተኛው መጠን የተገኘው በእግር አካባቢ ሲሆን፣ ለቅጽበት ከፍ ያሉ ንባቦች ቢታዩም በሰውነት ውስጥ የሚፈጠረው መስክ ለጤና ጥበቃ ከተቀመጠው ወሰን አላለፈም። መኪና ብቻ ለሚያስፈራቸው ሰዎች መለኪያውን እንጀራ በሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ አጠገብ ማስጠጋት ጥሩ ትምህርት ነው።

ጉድለቱን በተመለከተ፣ መሣሪያው ከ100 ሚሊጋውስ፣ ማለትም ከ10 ማይክሮ ቴስላ በላይ አይቆጥርም። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን (ICNIRP) እ.ኤ.አ. በ2010 ለሕዝብ ያወጣው ወሰን ደግሞ በ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ለሚለዋወጥ መስክ፣ 200 ማይክሮ ቴስላ ስለሆነ፣ ንባቡ ጣሪያ ነካ ማለት አደጋ ደረሰ ማለት አይደለም። ከ40 ኸርዝ በታች ያለውንም አያይም። በጎማ ውስጥ ያለው የብረት ሽቦ ማግኔትነት ካለው፣ መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ጎማው በሰከንድ 11 ጊዜ ያህል እየዞረ የሚፈጥረው መስክ ያመልጠዋል፤ ይህ ደግሞ በነዳጅ መኪናም ያለ ነው። የመሣሪያው «ዌይትድ» የሚለው ምርጫ ድግግሞሹ ከፍ ባለ መጠን ንባቡን ስለሚያጎላ፣ ከወሰን ጋር ለማነጻጸር «ስታንዳርድ» ላይ ማድረግ ይገባል።

ያም ሆኖ በነፃ ከሚወርዱት የስልክ መተግበሪያዎች በእጅጉ ይሻላል። እነርሱ አዲስ አበባ ላይ 36 ማይክሮ ቴስላ አካባቢ ሲያሳዩ ሰው ይደነግጣል፤ የሚያነቡት ግን የምድርን የራሷን መስክ ነው፣ ከመኪናው ቢወርዱም አይጠፋም።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለውን መስክ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት የመደበው፣ በቤታቸው በአማካይ ከ0.3 እስከ 0.4 ማይክሮ ቴስላ በላይ ለሆነ መስክ በተጋለጡ ሕፃናት ላይ የታየውን የደም ካንሰር መረጃ ይዞ ነው። ዳገት ላይ ለአፍታ የዘለለ ንባብ ከዚያ አማካይ ጋር አይነጻጸርም። ፔስሜከር (የልብ ምትን የሚያስተካክል፣ በሰውነት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ) ያለው ሰውም ሐኪሙን እንጂ ይህን መለኪያ አይጠይቅ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የሙኒክ ጥናት በ4 የኤሌክትሪክ መኪኖች 108 ሕሙማንን ፈትሾ የልብ መሣሪያቸው ሲታወክ አላገኘም።

ለአንድ መኪና ብሎ መግዛት ግን ብክነት ይመስለኛል፤ ካለው ሰው መዋስ ይበቃል።