ልጄን ዩኒቨርሲቲ ላስመረጠችልን የሒሳብ ባለሙያ፦ ምስጋና፣ ለማርቆስ ወላጆችም ጥቆማ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የማርቆስና የአካባቢው ወዳጆቼ። ደብረ ማርቆስ ገበያ ከምንሠራው ነጋዴዎች ብዙዎቻችን የዓመቱን ሒሳብ የምትዘጋልን አንዲት እህት አለች። ስሟን አልጽፍም። «ጋሼ፣ ስሜን ፌስቡክ ላይ ካየሁት የሚመጣውን ዓመት ሒሳብ ራስዎ ይዘጉታል» ብላኛለች፤ እሷ ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች። ስለ ሒሳብ ሥራዋ ብዙ አልልም። ደረሰኝ ሲጎድል ትቆጣለች፣ ግን ገቢዎች ፊት አታሳፍርም። ዛሬ የማመሰግናት በሌላ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ጆሮ ስጡኝ።

ልጄ በሶሻል ነው የተፈተነችው። ከ600 ከግማሽ በላይ አምጥታ ማለፏን ሰምተን እልልታው ሳያበቃ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሙሉ ተባለ። እሷ የቆረጠችው አንድ ነገር ነው፤ ቢዝነስ መማር። የት የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ቤታችን በየወገኑ ተከፈለ። አያቷ እዚሁ ማርቆስ፣ እንጀራዬን እየበላች ትማር አሉ። አጎቷ አዲስ አበባ ካልሆነ ተማረች አይባልም አለ። የጎረቤት ልጅ ባሕር ዳር ስላለ ለባሕር ዳር የሚሟገትም አልጠፋ። እኔ ደግሞ እህል ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ንግድን ለመማር ዩኒቨርሲቲ ምን ያስኬዳል የሚል ነገር በሆዴ አለ፤ አልተነፈስኩም እንጂ።

ደረሰኝ ላደርስ ወደ ሒሳብ ባለሙያዋ ቢሮ ስሄድ ልጄን ይዣት ሄድኩ። «ቢዝነስ» ስትላት የትኛው ዩኒቨርሲቲ ብላ አልጀመረችም። የኔኑ የዓመቱን መዝገብ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና «ይኸው የአባትሽ ጤፍ፤ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ሥራ ነው የምትፈልጊው?» አለቻት። የተገዛውንና የተሸጠውን አስማምቶ ትርፉን ማውጣት፣ ኦዲተር ሲመጣም መልስ መስጠት ከሆነ አካውንቲንግ ነው። ጤፉን ለማን፣ በምን ዋጋ፣ እንዴት አስተዋውቆ መሸጥ እንደሚሻል ማሰብ ከሆነ ማርኬቲንግ። ሠራተኛውንና ብሩን ማስተዳደር ማኔጅመንት። መኪናና መጋዘን አገናኝቶ እህሉን አባይ ማዶ በሰዓቱ ማድረስ ሎጂስቲክስ። ክረምት ላይ ዋጋው ለምን እንደሚወጣ፣ ነዳጅ ሲጨምር ጭማሪው በማን ላይ እንደሚያርፍ መመርመር ደግሞ ኢኮኖሚክስ፤ ያኛው ማትስ የሚጠላ ሰው አይሆንለትም አለቻት።

ልጄ መዝገቡን ስታገላብጥ ቆየችና አንድ ገጽ ላይ ጣቷን አሳርፋ «እታለም፣ ይሄ ለምን አልገጠመም?» አለች። ባለሙያዋ ሳቀች። «በቃ አንቺ አካውንቲንግ ነሽ!» (ያልገጠመው ሹፌሩ የጣለው የጭነት ደረሰኝ ነው፤ እሱን እኔና ሹፌሩ እንነጋገርበታለን።)

ዩኒቨርሲቲው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን ወላጆች የማናስተውለው እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ልጁን የሚመድበው ዩኒቨርሲቲ ድረስ ነው፤ አካውንቲንግ አስገብቶ አይሰጠውም። መጀመሪያ ፍሬሽማን ተብሎ እንግሊዝኛውን፣ ሎጂኩን፣ ሳይኮሎጂውን፣ የሶሻሉን ማትስ ሁሉም አብሮ ይማራል። ዲፓርትመንት የሚገኘው ኋላ ተወዳድሮ ነው። ስም ያለው ግቢ ገብታ የምትፈልገውን ዲፓርትመንት ካጣች ስሙ ምን ይረባታል አለችን።

የምትሠራላቸው ነጋዴዎች ልጆች በየግቢው አሏት። ስልኳን አነሳችና ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ እንጅባራና ጎንደር ከሚማሩት ጋር ልጄን በየተራ አገናኘቻት። የምትጠይቀውንም በወረቀት ጽፋ ሰጠቻት። አካውንቲንግ ስንት ልጅ ይቀበላል? ዲፓርትመንት ሲመደብ የፍሬሽማን ውጤት ብቻ ነው የሚታየው ወይስ የ12ኛውም ይያዛል? የሒሳብ ሶፍትዌር በእጃቸው ይሠራሉ ወይስ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው የሚያዩት? ኢንተርንሺፕ የት ይወጣሉ? ካለፈው ዓመት ተመራቂ የመውጫ ፈተናውን ስንቱ አለፈ? የመጨረሻዋን ጥያቄ ከስሯ ሁለት ጊዜ አሠመረችባት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያን ፈተና ከመቶ 50 ሳያመጡ ዲግሪ የለም፤ የመንግሥቱም የግሉም ተማሪ ይፈተነዋል።

ለአጎቷ ሐሳብም ቦታ ሰጠችው። ሰንጋ ተራ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት፣ ኮሜርስ የምንለው፣ በ1943 እ.ኤ.አ. የተከፈተ አንጋፋ ትምህርት ቤት መሆኑን ነገረችን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ ለብቻው መመዝገብና መዘጋጀት ይጠይቃል። እዚህ ተቀምጦ «አዲስ አበባ ብንሞላስ» ማለት ብቻውን የትም አያደርስም።

የግል ኮሌጅ ነገር ደግሞ አለላችሁ። ስሙን የማልጠራው የአንድ ኮሌጅ ሰው ሱቃችን ድረስ መጥቶ «ቦታ ሳያልቅ» እያለ ሲያጣድፈን ከርሟል። ደውዬ አማከርኳት። «እውቅና አለን ካለ ለየትኛው ፕሮግራም፣ ለየትኛው ካምፓስ፣ ለመደበኛ ነው ለማታ ነው ለርቀት ብለው ይጠይቁት» አለችኝ። ለካ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው እንዲህ በየፕሮግራሙና በየካምፓሱ ኖሯል። አዲስ አበባ ላይ በማኔጅመንት እውቅና ያለው ኮሌጅ እዚህ በአካውንቲንግ ላይኖረው ይችላል። ሰውዬውን ስጠይቀው ወረቀቱን ነገ አመጣለሁ ብሎ ሄደ፤ ያ ነገ እስካሁን አልመጣም።

ያልተስማማንበትም አለ። እሷ ልጅ ከቤት ርቆ ካልተማረ አይበስልም ባይ ናት። እኔ ደግሞ መንገዱን አያለሁ። ያሁኑን መንገድ ለጎጃም ሰው አልነግርም፤ መኪና የሚሄድበት ቀን አለ፣ የማይሄድበትም አለ። የዶርሙና የምግቡ ወጪም ቢሆን ነጻ አይደለም፤ በወጪ መጋራት ውል ተመዝግቦ ሥራ ሲያዝ ከደመወዝ ይቆረጣል። ደጃችን ላይ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ፣ ያውም የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ያለው፣ እያለ ብዬ ተከራከርኳት። ልጄ ሁለታችንንም ሰማችና ባሕር ዳርን አንደኛ፣ ማርቆስን ሁለተኛ አድርጋ ሞላች። አያቷ ገና አልሰሙም፤ እባካችሁ እንዳታነሱባቸው። ምደባውም ገና አልወጣም።

ለዚህ ሁሉ ድካሟ የተቀበለችኝ የፕሪንት ዋጋ ብቻ ነው። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅሽ ይባረክ!

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከሐምሌ አንስቶ ቢሮዋ የግብር ወረፋ ስለሚሆን ስልክም አታነሳም፤ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ማምሻው ሂዱ። የልጁን ውጤት አስወጥታችሁ ያዙ፤ ልጁን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወላጅ ብቻውን ከመጣ ትመልሰዋለች። ስጦታ አትቀበልም፤ ቡና ጋብዟት፣ ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው። አድራሻዋን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።