የእስያ ዝሆን መጽሐፍ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሽፋኑ ላይ ያለውን ዝሆን እዩት

ስለ እስያ ዝሆን መረጃ ለምትፈልጉ ተማሪዎች፣ መምህራንና ለልጆቻችሁ መጽሐፍ ለምትገዙ ወላጆች፦ በኢንተርኔት የመጽሐፍ መደብሮች «የተሟላ መመሪያ» እየተባሉ ከሚሸጡት ውስጥ ዋጋቸውን የማያወጡ ብዙ አሉ። አንዳንዱ የዊኪፔዲያ ጽሑፍ እንዳለ ተገልብጦ፣ ሽፋን ተበጅቶለት፣ ገዢ ሲያዝ ብቻ የሚታተም ነው። ሌላው በሰው ሠራሽ አስተውሎት በጥድፊያ የተመረተ ነው። ሦስተኛው ማንም በነጻ የሚያወርደው ፒዲኤፍ ላይ ዋጋ የተለጠፈበት ነው። የመጀመሪያው ሕገወጥ እንኳ አይደለም፤ ምንጩ ከተጠቀሰና የፈቃዱ ግዴታ ከተጠበቀ ዊኪፔዲያ መሸጥን አይከለክልም። ስለዚህ «የተገለበጠ ነው» ብሎ መክሰስ ብዙ ርቀት አያስኬድም። ከመክፈላችሁ በፊት ማጣራት ይሻላል።

ከሽፋኑ ጀምሩ። እኛ ዝሆን ሲባል የሚታየን የባቢሌው ነው፤ እሱ የአፍሪካ ሳቫና ዝሆን ነው። የእስያው በሳይንስ ስሙ ኤሌፋስ ማክሲሙስ ሲባል የአፍሪካዎቹ ሁለት ዝርያዎች ሎክሶዶንታ ይባላሉ፤ መልካቸውም ይለያያል። የእስያው ጆሮ አነስ ያለ ነው፣ ትከሻ አይሸፍንም። አናቱ ላይ ሁለት ጉብታ አለው፤ ቆሞ ሲታይ ከሰውነቱ ሁሉ ከፍ የሚለውም አናቱ ነው። የአፍሪካው ከፍ የሚለው ትከሻው ላይ ሲሆን ጀርባው መሐል ላይ ይሰረጉዳል፤ የእስያው ጀርባ ደልዳላ ወይም ወደ ላይ የጎበጠ ነው። የኩምቢው ጫፍ ከታየ ጣት የምትመስለውን ሥጋ ቁጠሩ፦ የእስያው አንድ፣ የአፍሪካው ሁለት። ጥርሱንም እዩ። የእስያ ሴት ዝሆን ረጅም ጥርስ አታወጣም፤ ካላትም ከከንፈሯ እምብዛም የማያልፍ አጭር ነው። ወንዶቹም ቢሆኑ ረጅም ጥርስ ያላቸው ሁሉም አይደሉም፤ በስሪ ላንካ ረጅም ጥርስ ያለው ወንድ ከአሥር አንድ አይሞላም። እንግዲህ ግልገሏን አስከትላ ረጃጅም ጥርስ ያወጣች እናት «የእስያ ዝሆን» በሚል ሽፋን ላይ ካገኛችሁ፣ ሥዕሉን የመረጠው ሰው (ሰው ከሆነ) ዝሆኖቹን አይለይም። ውስጡን ለማየትም አትድከሙ።

ሽፋኑ ካለፈ የናሙና ገጾቹን ክፈቱ። ቶሎ የሚያጋልጠው ስለ መንጋ የሚያወራው ምዕራፍ ነው። «መንጋውን የምትመራው በዕድሜ ትልቋ ሴት ናት፣ ሁሉም ይታዘዟታል» የሚለው በአብዛኛው ከአፍሪካ ሳቫና ዝሆን ጥናት የመጣ ነው። በስሪ ላንካው ኡዳ ዋላዌ ያሉት የእስያ ዝሆኖች በኬንያ ሳምቡሩ ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የእስያዎቹ ሴቶች በትንንሽ ቡድን የሚሄዱ፣ አሁን ተገናኝተው ቆየት ብለው የሚለያዩ፣ የበላይና የበታች ሥርዓታቸውም የላላ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ልዩነት የማያነሳ መጽሐፍ የአፍሪካውን ወስዶ ስሙን ብቻ ቀይሯል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ቀጥሎ ቁጥር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የዓለም አቀፉ ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ (ዝርያዎች ለመጥፋት ምን ያህል እንደተጋለጡ የሚገመግመው ዝርዝር) በ2020 ባወጣው ግምገማ የዱር እስያ ዝሆኖችን ከ48,323 እስከ 51,680 ይገምታል፤ የሚገኙትም በ13 አገሮች ነው። የ2008ቱ ግምገማ ከ41,410 እስከ 52,345 ይል ነበር። ሁለቱን አስተያይቶ «ዝሆኑ በዝቷል» ወይም «አልቀነሰም» የሚል መጽሐፍ ግምትን ከቆጠራ ጋር አምታቷል። ተመራማሪዎቹ ስቲፈን ብሌክና ሳይመን ሄጅስ ገና በ2004 ኮንሰርቬሽን ባዮሎጂ በተባለው መጽሔት ላይ፣ ከ30,000 እስከ 50,000 የሚለው ቁጥር ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል እየተደጋገመ እንደ እውነት የተወሰደ ግምት መሆኑን ጽፈው ነበር። አምስት መጽሐፍ አንድ ቁጥር ስለጻፈ አምስት ምንጭ አለ ማለት አይደለም፤ አምስቱም ከአንድ ቦታ ቀድተው ሊሆን ይችላል። ሕንድን ውሰዱ፦ የ2017ቱ ቆጠራ ከ27,000 በላይ ሲል፣ በ2025 ይፋ የሆነው ከፋንድያ በተወሰደ ዲኤንኤ የተሠራ ግምት 22,446 ነው። ዘዴው ስለተለወጠ ሁለቱ በቀጥታ አይነጻጸሩም፤ አዲሱ እንደ መነሻ ነው የሚያዘው። ዓመቱን፣ ዘዴውንና ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ያለውን ልዩነት ሳይነግራችሁ አንድ ድፍን ቁጥር ብቻ የሚሰጥ ጽሑፍ ገንዘብ አይከፈልበትም።

በመጨረሻው ገጽ ምንጭ ዝርዝር ካለ ሁለት ሦስቱን ፈትሹ። የጥናት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ዲኦአይ የሚባል መለያ ቁጥር አላቸው፤ ዲኦአይ ዶት ኦርግ (doi.org) ላይ አስገቡት። ካልከፈተ ወይም ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ጽሑፍ ካወጣ፣ ዝርዝሩ የፈጠራ ሊሆን ይችላል፤ ማሽን የጻፋቸው መጻሕፍት በዚህ ይታወቃሉ።

አሁን ወደ ነጻው። የቀይ መዝገቡ ሙሉ ግምገማ ከነምንጮቹ ያለ ክፍያ ይነበባል። ስለ ቦርኒዮ ዝሆን የምትፈልጉ ከሆነ በ2024 ለብቻው ተገምግሞ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሏል፤ ቁጥሩም 1,000 ገደማ ነው። የዚሁ ኅብረት የእስያ ዝሆን ባለሙያዎች ቡድን «ጋጃህ» የሚል መጽሔት አለው፤ የቆዩት እትሞች ጭምር በነጻ ይወርዳሉ። እነዚህን ሰብስቦ «ልዩ ጥቅል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ የምትከፍሉት ለማውረድ ድካሙ ነው። ስትፈልጉ የሳይንስ ስሙን በላቲን ፊደል (Elephas maximus) ጻፉት፤ «ዝሆን» ወይም የእንግሊዝኛውን ብቻ ካስገባችሁ አስጎብኚ ድርጅቶች ይቀድማሉ። የእነሱ ገጽ ዝሆን መጋለብ የሚሸጥ ከሆነ ስለ ዝሆን አያያዝ የጻፈውን እንደ ማስታወቂያ አንብቡት።

የጥናት ጽሑፍ በአሳታሚው ገጽ ላይ አንዱ ከ30 ዶላር በላይ ሲጠየቅበት ታገኛላችሁ፤ አንዳንዱ ለዚያ ዋጋ የሚሰጠው ለሰዓታት ብቻ የሚከፈት ገጽ ነው። አትክፈሉ። ጎግል ስኮላር ላይ ርዕሱን አስገብታችሁ ከሥሩ «ሁሉም ቅጂዎች» የሚለውን ተጫኑ፤ ብዙ ጊዜ ተመራማሪው ራሱ ያስቀመጠው ነጻ ቅጂ አለ። ካልተገኘ ለጸሐፊው በኢሜይል ጠይቁ፤ በተመራማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው፣ ነውር የለውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ የዩኒቨርሲቲያችሁን ቤተ መጻሕፍት ስለ ሪሰርች ፎር ላይፍ ጠይቁ፤ የተመዘገቡ የአገራችን ተቋማት በዚያ በኩል መጽሔቶችን ያለ ክፍያ ያገኛሉ።

ገዝታችሁ ከሆነ የመመለሻ ቀኑን ዛሬውኑ እዩ፤ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ከሆነ አጭር ነው፣ ብዙ ገጽ ከተነበበበትም ሊከለክሏችሁ ይችላሉ። «አልወደድኩትም» ብላችሁ አትጻፉ። የትኛው ገጽ ላይ ምን ስህተት እንዳለ፣ ሽፋኑ ላይ የአፍሪካ ዝሆን እንዳለ፣ የማይከፍተው ዲኦአይ የትኛው እንደሆነ ጥቀሱና የገጹን ፎቶ አያይዙ። ያንኑ በመደብሩ የአስተያየት ቦታ ላይም ለጥፉት፤ ቀጣዩ ገዢ የሚያየው እሱን ነው።