ለካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ዶክትሬት ልታመለክቱ ነው? መጀመሪያ እኚህን ሰው አናግሩ

ተመስገን፣ አለፍኩ! በመጪው ኦገስት አሜሪካ ውስጥ የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ፣ ማለትም የምክር ሥነ ልቦና፣ ፒኤችዲ እጀምራለሁ። የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖልኛል፣ አንዲት ፕሮፌሰር ጋር በረዳትነት እየሠራሁ ደመወዝም አገኛለሁ። ይሄን ደስታ ለብቻዬ ይዤ ብቀመጥ ነውር ነው። እዚህ ያደረሱኝ አንድ ሰው አሉ።

ጡረታ የወጡ የሥነ ልቦና ባለሙያና መምህር ናቸው። በሥራ ላይ እያሉ ለዓመታት የዶክትሬት አመልካቾችን ፋይል ሲያገላብጡ ኖረዋል። አሁን ቤታቸው ሆነው የኛን ዓይነት ሰው ማመልከቻ ያነባሉ፣ ያርማሉ፣ ይመክራሉ። እኔ "ዶክተር" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "ልጄ" ይሉኛል።

ግን ከሳቸው በፊት የደረሰብኝን ልናገር፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ የሄድኩት "ውጭ አገር ትምህርት ቤት እናስገባለን" የሚል ድርጅት ጋ ነው። ስሙ ይቅር። ብሩን እስክከፍል ድረስ ስልክ የሚያነሳው ሰው ማር ነበር። ከከፈልኩ በኋላ አንዴ ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት፣ አንዴ ሲስተም የለም፣ አንዴ ነገ ደውዪ። በስንት ጭቅጭቅ የትምህርት ቤቶች ዝርዝር ላኩልኝ። ዝርዝሩ ሲያዩት ያምራል። ጉዱ የወጣው በኋላ ነው። ግማሹ "ካውንስለር ኤጁኬሽን" የሚባል ሌላ ዶክትሬት ነበር! ስሙ ይመሳሰላል እንጂ መንገዱ ለየቅል ነው። እሱ በዋናነት ካውንስለሮችን የሚያስተምሩና የሚቆጣጠሩ ሰዎችን የሚያሠለጥን ነው፣ ዕውቅናውንም የሚሰጠው ካክሬፕ የሚባል ሌላ አካል ነው። ሳይኮሎጂስት ሆኖ ፈቃድ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ማየት ያለበት የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር፣ ኤፒኤ የሚባለው፣ ዕውቅና የሰጣቸውን ፕሮግራሞች ነው። ይሄን እንኳን የማያውቅ ሰው እንዴት "አማካሪ" ብሎ ጽፎ ይቀመጣል?

ከማመልከቻው ጋር እንዲላክ የጻፉልኝ ድርሰት ደግሞ "ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወድ ነበር" ብሎ ይጀምራል። አንዲት ጓደኛዬ ከኔ በፊት እዚያው ሄዳ ነበር። የሷን አውጥታ ስታሳየኝ አጀማመሩ ቃል በቃል አንድ ነው። እሷ ያመለከተችው ለነርሲንግ ነው።

ከነሱ ሸሽቼ ኢንተርኔት ላይ አንድ ሌላ ሰው አገኘሁ። እሱ ደግሞ "እንባ የሌለበት ድርሰት አያልፍም" ባይ ነው። የአባቴን ሞት፣ ከዚያ በኋላ ያሳለፍኩትን ክፉ ጊዜ፣ እንቅልፍ ያጣሁበትን ሌሊት ሁሉ አንድ በአንድ አስጻፈኝ። አልበቃ ብሎት "ትንሽ ጨምሪበት" አለኝ። በሰው ሐዘን ላይ ጨምሪበት! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ከዶክተር ጋር ስታገናኘኝ መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ስንት ነው የሚያስከፍሉኝ ብዬ ነው። "እስቲ ላንብበው። የምረዳሽ ነገር ከሌለ ምን ብዬ ብር እቀበልሻለሁ?" አሉኝ።

በቪዲዮ ነው የተገናኘነው። ያንን የእንባ ድርሰት በወረቀት አትመው፣ እርሳስ ይዘው ቁጭ ብለዋል። አንደኛውን ገጽ አነበቡ። ሁለተኛው ላይ ደረሱና መነጽራቸውን አወለቁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው አስቀመጡት። አበቃልኝ አልኩ። እሳቸው ግን ቀና አሉና "አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" ብለው ጠየቁኝ።

ይሄን ሁሉ ጊዜ ስለ አባቴ ሞት ሳስነብብ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። አባቴ ዝምተኛ ነበር። ሬዲዮ ፈታቶ መግጠም ይወዳል። ገጥሞ ሲጨርስ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈዋል፤ ሬዲዮው ግን ይሠራል። የተረፉትን ብሎኖች የሚያጠራቅምበት ቆርቆሮ ነበረው። ይሄን ስነግራቸው ዶክተር ከልባቸው ሳቁ፣ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። ሰዓት አላዩም። ስለ ማመልከቻው አንድም ቃል ሳይነሳ ቆየን።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጉዳዩ የገቡት። "ልጄ፣ ይሄ ያንቺ ነው። ለማያውቅሽ ኮሚቴ የማስረከብ ግዴታ የለብሽም" አሉኝ። በ2006 የታተመ አንድ ጥናት እንዳለም ነገሩኝ። በአሜሪካ የሥነ ልቦና ድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች የቅበላ ኮሚቴ ኃላፊዎችን አመልካችን ምን እንደሚጥለው ጠይቆ ነበር። ከተነሱት ነገሮች አንዱ የራስን የአእምሮ ጤና ችግር ድርሰቱ ውስጥ መዘርዘር ነው። በበኩሌ በዚህ ነገር ዛሬም ቅር ይለኛል። ሰው ሕመሙን እንዲናገር የሚያበረታታ ሙያ የራሱን ሰው ዝም በል ማለቱ አይዋጥልኝም። ለዶክተርም ነግሬአቸዋለሁ። "ልክ ነሽ፤ ከገባሽ በኋላ ቀይሪው" አሉኝ።

ቀጥለው "ሥራ ላይስ ምን አየሽ?" አሉኝ። ስደተኞች በሚታከሙበት ክሊኒክ በበጎ ፈቃድ አስተርጓሚ ነበርኩ። ሰዎች ራስ ምታትና ጨጓራ ብለው ይመጣሉ። ሐኪሙ ወደ ምክር አገልግሎት ሲልካቸው እሺ ብለው ይወጣሉ፣ በቀጠሮው ቀን ግን አይመጡም። ይሄን እንደ ተራ ወሬ ነበር የነገርኳቸው። ዶክተር እርሳሳቸውን አነሱና "ይኸው! የምርምር ጥያቄሽን እኮ ይዘሽው ነው የምትዞሪው" አሉ። ድርሰቱ ከዚያ ተጀመረ። አባቴ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ብቻ ቀረ፤ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ናት። የምርምሩን ዘዴ፣ ሞደሬተር ሚዲዬተር ምናምን የሚባለውን እንዳትጠይቁኝ። በሥዕል ሁሉ አስረድተውኛል፣ እኔም ራሴን ነቅንቄያለሁ።

የትምህርት ቤት ዝርዝሩን ደግሞ እንደ አዲስ ሠራነው። ለካ ብዙዎቹ የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ፕሮግራሞች ያሉት በትምህርት ኮሌጅ ሥር ነው! የሥነ ልቦና ክፍሎችን ብቻ የሚያስስ ሰው አያገኛቸውም። ኤፒኤ ዕውቅና የሰጣቸው ፕሮግራሞች ደግሞ ተማሪው በስንት ዓመት እንደሚጨርስ፣ ስንቱ አቋርጦ እንደወጣ፣ ስንቱ ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ ቦታ) እንዳገኘ፣ ወጪው ስንት እንደሆነ በድረ ገጻቸው ላይ የማውጣት ግዴታ አለባቸው። ዶክተር ከፎቶውና ከሕንፃው በፊት ይህን ሰንጠረዥ ነው ያስነበቡኝ። አንድ ምሽት ደግሞ ደውለው "ያቺ የመረጥሻት ፕሮፌሰር ዘንድሮ አዲስ ተማሪ አትቀበልም፣ ገጿ ላይ አስፍራለች፤ ማመልከቻ ክፍያሽን አታቃጥዪ" አሉኝ። የትኛው ተከፋይ አማካሪ ነው በማታ ተነስቶ እንዲህ የሚያይላችሁ?

ለቃለ መጠይቅ ስጠራም አልለቀቁኝም። ኮስታራ ፕሮፌሰር ሆነው አፋጠጡኝ፦ "ለምን ክሊኒካል ሳይኮሎጂ አላልሽም?" ዛሬ የሁለቱ ድንበር ቀጭን ነው። ካውንስሊንግ ግን ከጥንቱ ለሰው ብርታት፣ ለሥራ ሕይወቱና ለባህሉ የተለየ ትኩረት ይሰጣል። ይሄን በራሴ አፍ እስክናገረው ድረስ አስደጋገሙኝ። በእውነተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ ጥያቄው መጣ። ፈገግ ስል ምን አስቋት ይሆን ብለው ይሆናል።

መጀመሪያ የደረሰኝ መልስ ተጠባባቂ ነሽ የሚል ነበር። ተስፋ ቆርጬ ደወልኩላቸው። እሳቸው ግን ተረጋግተው አስረዱኝ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች በዓመት ከአሥር ያነሰ ሰው ነው የሚወስዱት። ጎበዞቹ ደግሞ ከብዙ ቦታ ጥሪ ይደርሳቸዋል፣ የገንዘብ ድጋፍ ላለው ቅበላም እስከ ኤፕሪል 15 መልስ መስጠት ይችላሉ። ስለዚህ ወንበር የሚለቀቀው ወደዚያ ሲጠጋ ነው። "ስልክሽን ቻርጅ አድርጊና ሥራሽን ሥሪ" አሉኝ። እንዳሉትም ቀኑ ሲቃረብ ተደወለልኝ።

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። የልጅ ልጅ ያሳይዎ።

እናንተ ደግሞ ስሙኝ፤ ከነዚያ ብር ከሚበሉ ሰዎች ጋር ጊዜያችሁን አትፍጁ፣ እኚህን ሰው አናግሩ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስለማይፈልጉ ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ። ብዙ ሰው አይቀበሉም፣ ክፍያቸውም እንደ አቅም ነው። የብዙ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚዘጋው ዲሴምበር 1 አካባቢ ነው፤ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ማሰባሰብ ብቻውን ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ጁላይ ላይ ደውሉላቸው። ኖቬምበር ላይ ብትደውሉ ስልኩን ያነሳሉ፤ ግን "ለመጪው ዓመት እንያዘው" ነው የሚሏችሁ። ስትደውሉ የሬዲዮ ብሎኗ ልጅ ላከችኝ በሏቸው።