የልጆች የምስጋና ካርድ፦ ግዙት፣ ግን የተወሰነውን አውጡት

ልጆች እግዚአብሔርን ማመስገን እንዲለምዱ ተብሎ የተዘጋጀ የካርድ ሳጥን ነው። የገዛሁት አራት ኪሎ ካሉት የመንፈሳዊ መጻሕፍት መሸጫዎች ከአንዱ ነው። አታሚውን አልጠራም፣ ወቀሳም ስላለኝ። ውስጡ ካርዶች፣ ትንሽ ደብተርና የኮከብ ስቲከር አለው። ማታ ማታ አንድ ካርድ ይወጣል፣ የተጻፈውን ቤተሰቡ አብሮ ያደርጋል። በቃ።

ጥሩውን ላስቀድም። "ዛሬ ለበላችሁት እንጀራ እነማን ደከሙ?" የሚለው ካርድ ብቻውን ዋጋውን አውጥቷል። የስምንት ዓመቷ ልጄ "እማዬ" ብላ ጀመረች፣ ከዚያ ወፍጮ ቤቱ መጣ፣ ጤፉን የጫነው ሹፌር፣ ገበሬው፣ በሬዎቹ ሳይቀሩ ተቆጠሩ። ትንሹ ወንድሟ "ዝናቡስ?" አለ። ዝናቡን ማን እንደሚሰጥ ማስረዳት አላስፈለገኝም፣ ራሳቸው ደረሱበት። እኔ ልስበክ ብል ኖሮ ገና ሳልጀምር ተነስተው ይሄዱ ነበር።

የመዝሙር 135 ካርድም ግሩም ነው (በአንዳንዱ እትም 136 ነው)። መዝሙሩ 26 ቁጥር አለው፣ ሁሉም የሚያልቀው "ምሕረቱ ለዘላለም ነውና" እያለ ነው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይቀበላል። ስለዚህ ማንበብ ያልጀመረ ልጅም ሥራ አለው ማለት ነው። የኛው ትንሹ በጩኸት ነው የሚቀበለው፣ ጎረቤት ይፍረደን። መዝሙሩ ሲያልቅ የራሳችንን እንጨምራለን፤ "መብራት መጣልን"፣ "አክስቴ ከሆስፒታል ወጣች"፣ እሱ ይቀበላል።

አሁን ወደ ወቀሳው። ትርጉም መሆኑ ያስታውቃል። ሥዕሉ ተርኪ (ዶሮ የሚመስለው ትልቁ የፈረንጅ ወፍ) እና የረገፈ ቅጠል ነው፣ በኖቬምበር ማለቂያ ልዩ እራት አዘጋጁ የሚልም አለ። ይሄ የአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን ነው፣ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ስለሚገባ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ የሚውለው ጾም ውስጥ ነው። ዶሮ በልታችሁ አመስግኑ ነው ነገሩ? እኛ ወደ ጳጉሜን አዞርነው። ዓመቱን ሙሉ በብጣሽ ወረቀት እየጻፉ ያጠራቀሙትን እንቁጣጣሽ ዋዜማ ላይ አውጥተን እናነባለን። ካርዱ ካሰበው በላይ አምሮበታል።

ስቲከሩን ደብቁት። ባመሰገኑ ቁጥር አንድ ኮከብ ይለጠፋል ይላል መመሪያው። ልጄ ነቃበት። "ለማንኪያው ተመስገን፣ ለሹካው ተመስገን፣ ለጨው ዕቃው ተመስገን" እያለ ዓይኑ ስቲከሩ ላይ ነው።

አንዱን ካርድ ግን ቀድጄ ጥያለሁ። "ከእናንተ ያነሰ ያለውን ልጅ አስቡና አመስግኑ" ይላል። የሌላው ልጅ ማጣት ለኔ ልጅ ማመስገኛ እንዲሆን አልፈልግም፣ ሌላው ወላጅ እንደፈለገ። በሱ ፈንታ በወሩ 12 ለሚካኤል ስንሄድ ደጁ ላሉት ነዳያን ዳቦውን ልጆቹ በራሳቸው እጅ ይሰጣሉ። ስም መጠየቅ፣ ሰላም ማለት አለ። እየወረወሩ መሮጥ የለም።

ወረቀቱ ስስ ነው፣ ወጥ ከነካው አለቀለት፣ ስለዚህ ገበታው ከተነሳ በኋላ አውጡት። ከአምስት ዓመት በላይ ላለ ልጅ እመክራለሁ። ደብተሩ ቶሎ ስለሚያልቅ አንድ ባለ 50 ሉክ አብራችሁ ግዙ።